ቦሌ – ደለስ – ቦሌ፦ ሲሄዱ 17 ሰዓት፣ ሲመለሱ 13

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ ያለው አጭሩ የአየር መስመር 11,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የርቀት ማስያዎች ይህን ቁጥር በ900 ያካፍሉና ግማሽ ሰዓት ጨምረው «13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ» ብለው ያርፋሉ። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ አውሮፕላኑ ግን በዚያ ሒሳብ አይሄድም። ርቀቱ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ሆኖ ሳለ መሄጃው ከመመለሻው በአራት ሰዓት ይበልጣል። ይህ ማስታወሻ የጥር 2016ን ጉዞ በመንገዱ ቅደም ተከተል ይዞ አራቱ ሰዓታት የት የት እንደጠፉ ይከታተላል።

ረቡዕ ጥር 15፣ ቦሌ

መጀመሪያ ቲኬቱን ማንበብ። መነሻው 22:15 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:15 ማለት ነው። መድረሻው ሐሙስ 7:30፣ ጠዋት 1:30። ሁለቱን ቀንሶ «ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ብቻ!» ብሎ የሚደሰት አይጠፋም፤ ግን ሁለቱም የየአገራቸው ሰዓት ናቸው። በጥር ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ ስምንት ሰዓት ወደኋላ ነች፤ ስምንቱን ሲደምሩ 17 ሰዓት ከ15 ይመጣል። ሌላው ሰው የሚሳሳትበት የአውሮፕላን ማረፊያው ማንነት ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ሦስት አሉ፤ ከአዲስ አበባ የሚሄደው ደለስ ነው የሚያርፈው፣ ሻንጣው ላይ «አይ ኤ ዲ» የሚል ወረቀት የሚለጠፍበት። ቴክሳስ ያለው ዳላስ ሌላ ነው። ተቀባይ ዘመድ በስልክ ሲነገረው የከተማውን ስም ደጋግሞ መጥራት አይከፋም።

ለአሜሪካ በረራ የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ ነው። 46 ኪሎ በአንድ ሻንጣ ማለት አይደለም። ሚዛኑ አጠገብ ወለል ላይ የሚታየው ትርኢት ሁሌም አንድ ነው፦ አንዱ ሻንጣ 27፣ ሌላው 19፤ እናትና ልጅ ተንበርክከው ሽሮውን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሸጋግሩ፣ ከኋላ ያለው ሰልፍ ሲያጉረመርም። የእጅ ሚዛን ከቤት ሳይወጡ ችግሩን ይጨርሰዋል። ሻንጣውን 22 ላይ ማቆም ነው፤ የቤቱና የአውሮፕላን ማረፊያው ሚዛን እምብዛም አይስማሙም።

በዚያ ምሽት ብዙ ሰው የተያዘው ግን በክብደት ሳይሆን በዱቄት ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን የእጅ ሻንጣ ውስጥ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት ነክ ነገር ለተጨማሪ ፍተሻ ይወጣል፤ ፈታሹ ካላመነበት አይገባም። 350 ሚሊ ሊትር አንድ የለስላሳ ጣሳ ያህል ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ሚጥሚጣ ሁሉ ዱቄት ነው። «ዋናው ሻንጣ ከበደብኝ» ተብሎ ወደ እጅ ሻንጣ የዞረው ሁለት ኪሎ በርበሬ መጨረሻ ላይ ፈታሹ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። በርበሬው ይውረድ፣ ልብሱ ይውጣ፤ ልብስ የሚከለክል የለም።

ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ደግሞ መሳፈሪያው በር ላይ ሁለተኛ ፍተሻ አለ። ከመጀመሪያው ፍተሻ በኋላ የተገዛ ውኃ እዚያ ይቀራል። በሩ አካባቢ ከገቡ በኋላ ወጥቶ መመለስ አሰልቺ ስለሆነ መጸዳጃ ቤትም፣ መክሰስም፣ የመጨረሻ ስልክም ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ቀኑ ረቡዕ ስለነበረ የጾም ምግብ የፈለገ ብዙ ነው፤ ልዩ ምግብ የሚታዘዘው ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ስለሆነ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠየቅ የዕድል ጉዳይ ነው።

ረቡዕ ሌሊት፣ ከመንደርደሪያው እስከ ሰማይ

የአራቱ ሰዓት ጣጣ የሚጀምረው እዚሁ፣ ጎማው ሳይነሳ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ይገኛል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ የሚሸከመው በአየር ነው፤ ሞተርም የሚገፋው አየር ስቦ ነው። አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሳት 15 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል፣ ያንን ፍጥነት የሚሰጠው ሞተር ግን በተቃራኒው ደክሟል። ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ቢሆንም ጎማውም የራሱ የፍጥነት ወሰን አለው። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ግድ ነው።

ምን ይቀነስ? ኤርባስ ኤ350-900 በሰዓት ስድስት ቶን ገደማ ነዳጅ ይጠጣል። ሳይቆም ዋሽንግተን ለመድረስ፣ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ታስቦ፣ 15 ሰዓት ገደማ በረራ ማለት ነው፤ ከመጠባበቂያው ውጭ 90 ቶን። አየርላንድ ድረስ ብቻ ከሆነ 50 ቶን ይበቃል። ልዩነቱ 40 ቶን ነው፤ አንድ ተሳፋሪ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ቢባል የ400 ሰው ክብደት፣ ከአውሮፕላኑ ወንበር ብዛት ይበልጣል። ወይ ነዳጁ ይቀነሳል ወይ ሰዉ። አየር መንገዱ ነዳጁን ቀንሶ መንገድ ላይ መሙላትን መረጠ። ቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ መሆኑ ለዚህ መስመር ትርጉም የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሲነሳ ጆሮ ላይ የሚሰማው ነገርም ከሌላ ቦታ የተገላቢጦሽ ነው። የኤ350 የውስጥ አየር የሚስተካከለው 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ስለሆነች አውሮፕላኑ እየወጣ ሳለ ተሳፋሪው በአየር ግፊት ረገድ እየወረደ ነው። ስለዚህ ከቦሌ ሲነሱ ጆሮው ሌላ አገር ሲያርፉ እንደሚሆነው ይደፈናል። ለሕፃን ጡጦ ወይም ጡት መስጠት ያለበት ያኔ ነው፤ አፍንጫ ይዞ ቀስ ብሎ መንፋትም ያኔ።

ሌሊቱን፣ ወደ ሰሜን

በሉል ላይ ክር ወጥሮ ለሚያይ አጭሩ መስመር የሚገርም ቦታ ያልፋል፦ ሱዳን፣ ደቡብ ሊቢያ፣ አልጄሪያ፣ ደቡብ ስፔን፣ ፖርቱጋል፣ ከዚያ አትላንቲክ፤ በመጨረሻ በኒው ጀርሲ ጠረፍ አድርጎ ዋሽንግተን። ከፍተኛው ሰሜናዊ ነጥብ 45 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክሩ ግን ጦርነት አያውቅም። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ከፈነዳ ወዲህ በካርቱም ላይ የሚያልፈው የቀድሞ መንገድ ስለተዘጋ ወደ ሰሜን የሚበረው ወደ ምሥራቅ ጠጋ ብሎ በቀይ ባሕርና በግብፅ በኩል ይዞራል። የሊቢያንም ሰማይ ብዙዎች ይሸሻሉ። ወንበሩ ፊት ያለው ካርታ ላይ አውሮፕላኑ ዋሽንግተን ሳይሆን ካይሮ የሚሄድ መስሎ መታየቱ ለዚህ ነው፤ ጎን የተቀመጠ ሰው ቢደነግጥ ማረጋጋት ነው።

ነዳጅ እስከሚሞላበት እስከ አየርላንዷ ደብሊን 8 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሆነ። እራት ከተበላ በኋላ የሚተርክ ነገር የለውም። እንቅልፍ የሚመጣበት ምርጡ ክፍል ይህ ስለሆነ ፊልም ለቀጣዩ ግማሽ ማቆየት ይሻላል።

ሐሙስ ጥር 16፣ ደብሊን፣ ከሌሊቱ 9:30

እዚህ ቆሞ ነዳጅ መሙላት መንገዱን ምን ያህል ያረዝመዋል? ቦሌ–ደብሊን 6,365፣ ደብሊን–ደለስ 5,465 ኪሎ ሜትር፤ ድምሩ 11,830። ከቀጥታው የሚበልጠው በ280 ኪሎ ሜትር ብቻ፣ የ20 ደቂቃ በረራ ነው። በሮም ቢሆን ጭማሪው ከዚያም ያንሳል፣ 160 ገደማ። በቶጎዋ ሎሜ ቢሆን 1,200 ይጠጋል፤ የሎሜው መንገድ ግን እዚያ ተሳፋሪ ስለሚጭን ሒሳቡ ሌላ ነው። ታዲያ ደብሊን ርቀቱን ካልበላ ሰዓቱን የሚበላው ምንድን ነው? ከ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ መውረዱ፣ መቆሙ፣ ተመልሶ መውጣቱ ነው።

ተሳፋሪ አይወርድም። የበረራ ሠራተኞቹ ይቀየራሉ፤ የሥራ ሰዓታቸው ወሰን ስላለው ያው ቡድን እስከ ዋሽንግተን አይሄድም። ነዳጅ ሲጫን ቀበቶ ፍቱ ይባላል። ይህን ሰምቶ ግራ የሚጋባ ብዙ ነው፤ ሌላ ጊዜ ሁሉ እሰሩ ሲባል የከረመ ሰው ነውና። ምክንያቱ አደጋ ቢነሳ ሁሉም በፍጥነት እንዲወጣ ነው። ቀበቶውን ፈትቶ፣ ተነስቶ መተላለፊያው ላይ ወዲያና ወዲህ ማለት ለእግር እብጠት ጥሩ ነው፤ ከዚህ በኋላ ስምንት ሰዓት መቀመጥ አለ።

ነዳጁና የሠራተኛ ቅያሪው አንድ ሰዓት ተብሎ አንድ ሰዓት ከሩብ ወሰደ። ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከደለስ ወደ ሌላ ከተማ የሚቀጥል ሰው በልቡ ደቂቃ መቁጠር የሚጀምረው እዚህ ነው። በዚህ መስመር ላይ የሁለት ሰዓት መገናኛ ያለው ቲኬት መቁረጥ አይመከርም። ደለስ ላይ ኢሚግሬሽን፣ ሻንጣ ማንሳት፣ ጉምሩክ፣ ሻንጣ መልሶ ማስረከብና እንደገና ፍተሻ አለ። ከሦስት ሰዓት ተኩል በታች የሆነ ሁሉ ቁማር ነው።

ከደብሊን ሲነሳ አየርላንድ ላይ ሐሙስ ንጋት 10:45 ነው፤ ዋሽንግተን ላይ ገና ረቡዕ ሌሊት 5:45።

አትላንቲክ ላይ

ሁለተኛው ሰዓት በላተኛ እዚህ ይጠብቃል። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጠባብና ፈጣን የአየር ጅረት አለ፤ በክረምታቸው ይበረታል፣ መሐሉ ላይ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነው። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ 900 ይሄዳል፤ አየሩ ራሱ ግን ወደኋላ እየተንሸራተተ ስለሆነ ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት ስክሪኑ ላይ 760፣ 740፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይታያል። አብራሪዎች ጅረቱን ለመሸሽ ወደ ሰሜን ይወጣሉ፤ ርቀት ጨምረው ሰዓት ይቆጥባሉ። ደብሊን ለማቆሚያ ተስማሚ የሆነችበት አንዱ ምክንያትም ለዚህ ሰሜናዊ መንገድ ቅርብ መሆኗ ነው።

ከቦሌ ጀምሮ መስኮቱ ጨለማ ነው። ፀሐይን እየሸሹ ስለሚበሩ ሌሊቱ አያልቅም፤ ብርሃን የሚታየው ደለስ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀር ነው። ሰውነት ግን አይታለልም፦ በአዲስ አበባ ሰዓት ከቀትር በኋላ ሆኗል፣ ቁርስ ተብሎ የሚቀርበው ለሆድ ምሳ ነው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ደለስ

ጎማው የነካው ጠዋት 1:55 ላይ ነው፣ በጠቅላላው 17 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ከአውሮፕላኑ ወጥቶ በእግር ኢሚግሬሽን እደርሳለሁ ያለ ተሳፋሪ እዚህ ይገረማል። ደለስ በ1962 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የተሠራለት ተንቀሳቃሽ ሳሎን የሚሉት ነገር አለው፤ በትልልቅ ጎማ ላይ የቆመ ሰፊ ክፍል ነው፣ መቶ ሰው ያህል ጭኖ በአውሮፕላኖች መሐል እየተወዛወዘ ወደ ዓለም አቀፍ መድረሻው ሕንፃ ይወስዳል። እስኪሞላ ይቆማል። መጀመሪያ የገባ መጨረሻ የሚወጣበት አጋጣሚ ስላለ በመውጫው በኩል መቆም ይሻላል፤ በአንድ ሳሎን መቅደም ኢሚግሬሽን ሰልፍ ላይ የመቶ ሰው ልዩነት ነው።

ጉምሩክ ላይ ጥያቄው «ምግብ ይዘሃል?» ነው። መልሱ «አዎ» ነው። ማስመዝገብ አያስቀጣም፤ መደበቅ ያስቀጣል። የተቆላ ቡና፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ እንጀራ፣ ድርቆሽ ያልፋሉ። ቋንጣ አያልፍም፤ በርበሬና ጨው ስለበዛበትም፣ ስለደረቀም አይማርም፣ ምክንያቱ የከብት በሽታ ነው። ሰው የሚዘነጋው ድርቆሹ ውስጥ ተደባልቆ የተላከውን ቋንጣ ነው፤ ያኔ ድርቆሹም አብሮ ይሄዳል። ትኩስ ጤና አዳምና በሶብላ፣ ሎሚ፣ ለመትከል የሚሆን ዘር ቤት ይቅሩ። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ የያዘ መያዙ አይከለከልም፣ ማስመዝገብ ግን ግዴታው ነው።

ከተማው ከዚህ 42 ኪሎ ሜትር ነው። ታክሲ 70 ዶላር ገደማ ነበር፣ ከዚያ ላይ ጉርሻ። የከተማው ባቡር፣ ሜትሮው፣ ከኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚህ ይደርሳል፤ ጣቢያው ከተርሚናሉ በምድር ውስጥ መተላለፊያ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ወደ ከተማው የሚሄደውን የብር መስመር መያዝ ነው፤ ሜትሮ ሴንተር 53 ደቂቃ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄድ እዚያ ወርዶ ቀዩን ይይዛል። በሥራ ቀን የትም ድረስ ቢሄዱ ዋጋው ከ6 ዶላር አያልፍም ነበር፤ ካርዱ ለብቻው 2 ዶላር ነው፣ ስልክ ላይ ቢጫን ግን ነፃ። ለአንድ ሰው ሜትሮው ያዋጣል። ለሦስት ሰውና ለስድስት ሻንጣ ታክሲው ነው የሚሻለው፤ 23 ኪሎ በያንዳንዱ እጅ ይዞ በሥራ መግቢያ ሰዓት ባቡር መቀየር ቀልድ አይደለም።

በዋሽንግተን ሰንበቶች

ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው ጎዳና፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፤ እንጀራ ፍለጋ የሚንከራተት የለም። በየሱቁ ያለው እንጀራ አንዱ እዚያው የተጋገረ፣ ሌላው ከአዲስ አበባ በተመሳሳዩ መስመር በአውሮፕላን የመጣ ነው፤ የኋለኛው ይወደዳል፣ ጤፉም ያስታውቃል። ምግብ ቤት ውስጥ የተጻፈው ዋጋ የሚከፈለው ዋጋ አይደለም። 18 ዶላር የተባለ የጾም በያይነቱ ላይ በዋሽንግተን ዲሲ 10 በመቶ የምግብ ቤት ታክስ ይጨመራል፣ 1.80፤ ጉርሻ በ20 በመቶ ቢታሰብ 3.60፤ ከኪስ የሚወጣው 23.40 ነው።

ማጀት ውስጥ ደግሞ ከፍታው ሌላ ነገር ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ላይ ነው፤ እዚህ 100። በቤታችን ሰዓት የተለካ ምስር እዚህ ገንፎ ይሆናል፣ አተርና ባቄላም ቶሎ ይበስላል። እንግዳ ሆኖ ወጥ ልሥራ የሚል ድስቱን ቀድሞ ይመልከት።

እሑድ ጥር 26፣ መመለሻ

የእሑድ ሜትሮ 2 ዶላር ብቻ ነበር፣ ግን ሥራ የሚጀምረው ያኔ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነበር። በረራው ረፋድ 5 ሰዓት ስለነበረ የመጀመሪያውን ባቡር የያዘ 2 ሰዓት አካባቢ ይደርስ ነበር፤ ለአዲስ አበባው ሰልፍ ይህ አፋፍ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ባቡር የሚቀይር ሰው ታክሲውን ይያዝ።

ደለስ ከባሕር ጠለል 95 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ነው፤ ረጅሞቹ መንደርደሪያዎቹ 3,500 ሜትር ናቸው፣ ከቦሌው ያጥራሉ። ግን አየሩ ወፍራም፣ ማለዳውም ቀዝቃዛ ስለሆነ ያው አውሮፕላን ሙሉ ሰውና ለ13 ሰዓት የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ ይነሳል። የሚቆምበት ምክንያት የለም። ያ ሲሄዱ ከፊት የገፋ ነፋስም አሁን ከኋላ ነው፤ አትላንቲክ ላይ ስክሪኑ 1,050 ሲያሳይ ቆየ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ከኋላ ጠለቀች።

ጠቅላላው 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ፈጀ። 11,550ን ለዚህ ሲያካፍሉ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በመሄጃው የደብሊኑ ቁም ተቀንሶ እንኳ፣ 11,830 ለ16 ሰዓት ከ25፣ 720 ነው። የርቀት ማስያዎቹ ሳያውቁት የሚናገሩት የመመለሻውን ሰዓት ነው ማለት ነው።

ሰኞ ጥር 27፣ ቦሌ

ሲያርፍ ጠዋት 1:50፣ በዋሽንግተን ሰዓት እኩለ ሌሊት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው። ጆሮው ዝም ነው፤ አውሮፕላኑ ሲወርድ የውስጡ አየር ከ1,800 ወደ 2,300 እየሳሳ ነውና። ደለስ የተገዛው የድንች ጥብስ ከረጢት ፊኛ ሆኖ ይወጣል፣ ዋናው ሻንጣ ውስጥ ያለ የሻምፑ ጠርሙስ ክዳኑ በደንብ ካልጠበቀ ያንጠባጥባል። በፕላስቲክ መጠቅለል የሚያስፈልገው ሲመለሱ ነው።

ለዕቃ መረከቢያው አርባ ደቂቃ ማሰብ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ሻንጣ ስላለው ቀበቶው ቶሎ አይራቆትም። ወደ ምሥራቅ የተመለሰ ሰው ቀን ተኝቶ ሌሊት ስለሚነቃ ሰኞ ጠዋት ሥራ እገባለሁ ብሎ ቲኬት መቁረጥ አያዛልቅም። ቀጣዩን ቲኬት የሚያይ ደግሞ ሰዓቱን እንደገና ያስላ፦ አሜሪካኖቹ በዚያው ዓመት መጋቢት 1 ቀን ሰዓታቸውን ወደፊት ሲገፉ የስምንት ሰዓቱ ልዩነት ሰባት ሆኖ ነበር፤ የተመለሰውም ጥቅምት 24 ቀን 2017 ነው።